ሹራብ ውስጥ የሞተው እባብ

«በሹራብ ያፈነው ማነው?» አለ መርማሪው።

በሥራ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እሱ፣ የሟች ታናሽ ወንድሙ ሚስትና ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ። የመስታወቱን ሣጥን ከበው ቆመዋል። ሣጥኑ ውስጥ የሟቹ ግራጫ የሱፍ ሹራብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከእጅጌው ሥር የእባቡ ራስ ወጥቷል፤ አፉ ትንሽ ተከፍቷል።

ሴትየዋ ከንፈሯን ነከሰች። ሳሎን ውስጥ ወንበር ሲጎተትና ሰው ሲያለቅስ ተሰማ። «ሰው መጣ» ብላ ወጣች።

ፀጉር አስተካካዩ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ።

«ሰኞ ባልየው፣ ቅዳሜ እባቡ» አለ በሹክሹክታ። «እኔ ምንም አላልኩም።»

«አሁን ምን እያልክ ነው ታዲያ?»

«ምንም። ብቻ ከሁለት ሳምንት በፊት የአይጥ መርዝ ገዝታለች።»

«ማን አለ?»

«ባለሱቁ ነዋ። ፀጉሩን ስቆርጠው ነው የነገረኝ። ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው ደግሞ አይዋሽም።»

መርማሪው አልሳቀም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቄራ ውስጥ ሥጋ መርምሯል። ጉበት ከፍቷል፣ ሳንባ ሰንጥቋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ማኅተም የሚመታው። ሳይከፍት ማኅተም መትቶ አያውቅም። ጡረታ ከወጣም በኋላ ሰፈሩ ስሙን ትቶ መርማሪው ነው የሚለው።

ወንድሙ የሞተው ሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። አንድ መኪና ፈትቶ ዘይት እየቀባ ሳለ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ሐኪሙ መጣ፣ ደረቱን አዳመጠ፣ «ልቡ ነው» ብሎ ወረቀት ጻፈ። ሳይከፍት። ይህ ነገር መርማሪውን አምስት ቀን ሙሉ እንደ እሾህ ሲወጋው ቆይቷል።

«ይከፈታል» አለ።

«ምኑ?»

«እባቡ። አንተ ሳሎን ሂድና ተቀመጥ። ወሬህን ግን እዚሁ ትተህ ሂድ።»

ሰውየው ቅር እያለው ወጣ። መርማሪው ጋዜጣ አነጠፈ፤ ትንሿን ቢላዋ ድንጋይ ላይ ሳለ። በሚስልበት ጊዜ ሐሳቡን አስተካከለ። ሴትየዋ እባቡን ጠልታ ኖራለች፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጣቷ ነክታው አታውቅም። ለእባብ መርዝ የሰጠች እጅ ለባልስ ምን ይይዛታል? መርዝ ከተገኘ ፖሊስ ጣቢያው ሁለት መታጠፊያ ነው። ወንድሙ ከመቃብር ይወጣል፣ ይከፈታል። እሷም ከዚህ ቤት በካቴና ትሄዳለች። ሰው ምን ይላል ብሎ የሚተወው ነገር አይደለም።

እባቡን ከሹራቡ ፈታው። ሲይዘው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ወንድሙ ስንቴ ለምኖታል! እባቡ የመጣው ለጥገና በተላከ የስፌት መኪና ሣጥን ውስጥ ነው፤ ገለባው መሃል ተጠምጥሞ፣ ከጫማ ማሰሪያ ብዙም ሳይወፍር። መርዝ የሌለው ዓይነት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በጫማው ይጨርሰው ነበር። ወንድሙ ግን ዝንብ እንኳ በመስኮት የሚሸኝ ሰው ነበር፤ ቀበቶ ብሎ ስም አወጣለት። ለጫጩት ማሞቂያ የሚሆን ቀይ አምፖል ገዝቶ ሣጥኑ ላይ ሰቀለለት።

«ወንድም ጋሼ፣ እስኪ አንዴ ንካው።»

«እጄን ታጥቤ ነው የመጣሁት።»

«ለስላሳ ነው እኮ። የራሱ ሙቀት የለውም፤ ከሌላ ነው የሚቀበለው። በተለይ ከበላ በኋላ ካልሞቀው ምግቡ ሆዱ ውስጥ ይበሰብስና ይገድለዋል።»

«ታዲያ ቀበቶ ከሆነ ሱሪህን ያዝበት» ብሎት ወጣ። ወንድሙ ከኋላው ስቋል። እናታቸው ስትሞት ያ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነበር። ያሳደገው እሱ ነው። እሱ ከቄራ ሲመለስ ልጁ የሚሸተውን ደም ይፈራ ነበር፤ እሱም እጁን ሳይታጠብ አያቅፈውም። እጅን መታጠብ በመካከላቸው የቀረ የቆየ ነገር ነው።

ቢላዋውን ከእባቡ አንገት ሥር አስገብቶ ወደ ታች ሳበ። ሽታው ፊቱን መታው። መስኮቱን ከፍቶ ተመለሰ።

የሚፈልገው ደም ነበር። የአይጥ መርዝ የበላ ከብት ሲከፈት ደሙ አይረጋም፤ ሆድ ዕቃው ውስጥ ፈስሶ ይገኛል። ሁለቴ ገጥሞት ሁለቱንም ከብቶች አስቀብሯል። እዚህ ግን የፈሰሰ ደም የለም። በቆዳና በሥጋው መሃል አየ፤ የለም። ሳንባውን ፈለገ። አንድ ብቻ ነው፣ ረጅም፣ ባዶ። ልቡ ከባቄላ አይበልጥም፤ ደህና ነው።

ጨጓራው ተነፍቶ አረንጓዴ ሆኗል። ሰነጠቀው። አይጥ ወጣ፤ ሙሉ አይጥ፣ ጅራቱ ሳይቀር። ሥጋው በስብሷል እንጂ አልተፈጨም። አይጡንም ከፈተ። እዚያም የፈሰሰ ደም የለም።

ሣጥኑ ጎን የተለጠፈችውን ወረቀት አነበበ፤ የወንድሙ እጅ ጽሑፍ ናት። የመጨረሻዋ መስመር «ሰኞ ጠዋት በላ» ትላለች።

ቢላዋውን አስቀመጠ። መዳፉን መስታወቱ ላይ አደረገ። ቀዝቃዛ ነው። ቀና ብሎ አምፖሉን አየ። ጠፍቷል።

«አንቺ! ነይ እስኪ!»

ሴትየዋ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣች። ጋዜጣው ላይ ያለውን አይታ በሩ ላይ ቆመች።

«ውይ! ምን አደረጉት ጋሼ?»

«ሹራቡን ያለበሰው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«በርዶት ነበር።» ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ረቡዕ ለት ገብቼ ሳየው አይንቀሳቀስም። አምፖሉ ተቃጥሏል ብዬ አሰብኩ። ሐዘን ላይ ተቀምጬ ለእባብ አምፖል ግዙልኝ ማለት አፈርኩ። ሹራቡ ወፍራም ነው፣ ይሞቀዋል አልኩ።»

«በእጅሽ አነሳሽው?»

«በእንጨት ነው የገፋሁት። አልችልም፤ ያውቃሉ።»

እውነት መሆኑን ድምፅዋ ነገረው። የራሱ ሙቀት የሌለውን ፍጡር ሹራብ ማልበስ! ባሏ ቢኖር ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር።

«የአይጥ መርዙስ?»

«የቱ? እ፣ እሱ? አስጣለኝ እኮ። የመረዝሽውን አይጥ ቀበቶ ቢያገኘውስ ብሎ ሳይከፈት አስጣለኝ።» ጋዜጣውን አየች፣ ቢላዋውን አየች፣ እሱን አየች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«እዚያ ውስጥ ሲፈልጉ የነበረው እኔን ነው?»

መርማሪው ዞር ብሎ የአምፖሉን ገመድ ተከተለ። ገመዱ በግድግዳው ይወርዳል፣ በስፌት መኪናዎቹ ኋላ ያልፋል። ጫፉ መሬት ላይ ተጋድሟል። አምፖሉ አልተቃጠለም፤ ሶኬቱ ተነቅሏል።

ማን ነቀለው ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው።

ሰኞ አመሻሹ ላይ ሬሳውን ያሳረፉት በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር። እሱ ብቻውን አጠገቡ ቆመ። ከሣጥኑ በላይ ያለው ቀይ ብርሃን የወንድሙ ጉንጭ ላይ አርፏል። ጉንጩ ደም የመጣበት፣ ፀሐይ ላይ ውሎ የገባ ይመስላል። አሁን ዓይኑን ይገልጣል ብሎ ጠበቀ። ጠበቀ፣ ጠበቀ። ከዚያ በላይ አልቻለም። ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን መነጨቀው። ፊቱ ወዲያው አመድ ሆነ። ያን ጊዜ ነው መሞቱን ያመነው። ሶኬቱን ከዚያ ወዲያ አላሰበውም።

«ጋሼ?» አለች ሴትየዋ።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

«ምኑን?»

«ሶኬቱን። ሰኞ ለት። መብራቱ ፊቱ ላይ...» ገመዱን እንደያዘ ቆመ። «አምፖሉ ደህና ነበር። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

ሳሎን ውስጥ ፀጉር አስተካካዩ ለአንዱ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያወራ ይሰማል። ሴትየዋ አዳመጠች። ከዚያ ሄዳ በሩን ዘጋችው። መርማሪው የምትወጣ መስሎት ነበር፤ አልወጣችም።

ሶኬቱን ሰካው። ቀዩ ብርሃን በባዶው ሣጥን ላይ፣ በጠረጴዛውም ላይ ወረደ። አይጡን በወረቀት ጠቅልሎ አወጣና እጁን ታጠበ።

«መርፌ ስጪኝ» አለ።

በዚህ ክፍል ውስጥ መርፌና ክር አይታጣም። ከባሏ መሳቢያ አወጣች፣ ግራጫ ክር መረጠች፣ ራሷ ሰክታ አቀበለችው። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ስንቱን እንደከፈተ ቁጥር የለውም፤ የከፈተውን ሰፍቶ ግን አያውቅም። የመጀመሪያው ስፌት ጠመመ። ቆዳው ከጣቶቹ አሟለጨው።

ሴትየዋ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ጎንበስ አለችና በሁለት ጣቶቿ የቆዳውን ከንፈር ከግራና ከቀኝ ገጥማ ያዘችለት።

«እውነትም ለስላሳ ነው» አለች።

መርማሪው መርፌውን ጣቷን እንዳይወጋ ተጠንቅቆ አሳለፈው።