እንቁላል ጠባቂው

የተላጠው እንጨት እኔ በተከልኩበት ቦታ እንደ ቆመ ነበር። ዓሣው ግን አልነበረም።

ቱሊ ጅረት በግንቦት ሲጠራ ከታች ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። ስለዚህ ‘ሳላየው ቀርቼ ይሆናል’ ብዬ ራሴን ላታልል አልቻልኩም። ዓሣው በጭራው ጠርጎ ያነጣው ክብ ጎጆ ያለ ጠባቂ ቀርቷል። ሆደ ቢጫ የምንላቸው፣ መዳፍ የማያህሉ ትንንሽ ዓሦች ከላዩ ተሰብስበው፣ አፋቸውን በጠጠሩ መሃል እየከተቱ እንቁላሉን ይለቅማሉ። የማጥመጃ ዘንጌን ወደ ዳር ወርውሬ ወደ እነሱ ሮጥኩ። ጉልበት ድረስ የሚደርስ ውሃ ውስጥ ሩጫ የለም፤ ተንገዳገድኩ ብል ይሻላል። ጎጆው አጠገብ እግሬን ከፍቼ ቆምኩና በእጄም በእግሬም አባረርኳቸው። ፈቀቅ ብለው ቆሙ። እስክሄድላቸው ነበር የሚጠብቁት።

በእኛ አገር የዶግውድ ዛፍ በነጭ አበባ ሲሸፈን ቡናማው ባስ የሚባለው ዓሣ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። ወንዱ ይቀራል። ሳይበላ ቆሞ ይጠብቃል፣ ደለል እንዳያፍናቸውም በጭራው ያራግብላቸዋል። ጎጆ ያየ ሰው እንጨት ልጦ ዳር ላይ ይተክላል። ነጩን እንጨት ያየ ደግሞ ከውሃው ይወጣል፣ በመስኩ ይዞራል፣ ራቅ ብሎ ከላይ ይገባል። አባባ ነው ያስተማረን፤ እሱንም አባቱ። በሰው መስክ ገብተው አጋዘን በስርቆት የሚያድኑት እንኳ ይህን ያከብራሉ።

ዘንድሮ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር። ያለፉት ሁለት ዓመታት ጎርፍ ጫጩቶቹን ጠራርጎ ወስዷል። ከድሮው የወፍጮ ግድብ በታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም፤ ግድቡ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ከግድቡ በላይ ጅረቱን እስከ ምንጩ ድረስ በእግሬ አስሼ ያገኘሁት ጎጆ ይህ ብቻ ነበር። ይህ ከጠፋ ከግድቡ በላይ የሚቀሩት ያረጁት ብቻ ናቸው፤ እነሱ ሲያልቁ አለቀ።

ታናሽ ወንድሜ ቨርሊን የረሳውን ቴርሞስ ሊወስድ በዳሩ መንገድ እያፏጨ መጣ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሴንት ሉዊስ ከተማ የሚመጡ ሰዎችን እየመራ ዓሣ ያስጠምዳል።

«ምን ሆነሽ ነው እንደ ሽመላ የተገተርሽው?» አለኝ።

ዓሣው የት እንዳለ ጠየቅኩት። አልደበቀኝም። የዛሬው እንግዳ ከማለዳ ጀምሮ አንድም ዓሣ አልነከሰለትም ነበር፤ አኩርፏል። ሚስቱ መኪና ውስጥ ታዛጋለች። ቨርሊን ነጩን እንጨት ያየው ያን ጊዜ ነው። ሸርጣን የሚመስለውን የጎማ ማታለያ ከነመንጠቆው ጎጆው መሃል እንዲጥለው ለሰውዬው አሳየው። ወንዱም ርቦት ሳይሆን ከእንቁላሎቹ ላይ ሊያባርረው ብሎ ነከሰው።

«ጎጆ ላይ ያለን ዓሣ ሕፃንም ይይዘዋል» አለ እየሳቀ። «እውነቱን ልንገርሽ? ያንቺ እንጨት ባይኖር አናገኘውም ነበር።»

ስናደድ ድምፄ ይጠፋል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ፤ ቨርሊንም ይህን ስለሚያውቅ ዝምታዬን ሁልጊዜ እንደ እርቅ ይቆጥረዋል። እግሬ ሥር አንዱ ሆደ ቢጫ ተመልሶ መጣ። ረገጥኩት፤ አመለጠኝ።

«የት ነው ያለው አልኩህ» አልኩት በሰለለ ድምፅ።

«ኧረ ተረጋጊ፣ እህት ዓለም። ለቀነዋል። የማን ልጅ ነኝ እኔ? አንድ ቅርፊት አልጎደለበትም።»

ለአፍታ ልቤ መለስ አለልኝ። በያዙት ቦታ የለቀቁት ወንድ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጎጆው ይመለሳል። ይሄኛው ታዲያ ምን ይጠብቃል?

«የት ነው የለቀቃችሁት?»

«መኪናው ጋ። ሚስትየው ፎቶ ልታነሳው ፈለገች፣ ጫማዋ ደግሞ ለዚህ ድንጋይ አይሆንም። በባልዲ ወሰድንላት።»

መኪና የሚቆመው ከግድቡ በታች ነው።

ነገሩ ለራሱም የገባው ከአፉ ካወጣው በኋላ ነበር። ወደ ታች፣ ወደ ግድቡ አቅጣጫ ዞሮ አየ። የጠፋው ድምፄ ያን ጊዜ መጣ። ምን ምን እንዳልኩት ሁሉንም አልጽፈውም። ለፎቶ ብለህ ጅረት ሸጥክ አልኩት። የአባባን እንጨት ለእንግዳ የመንገድ ምልክት አደረግከው አልኩት። ከማዶ የሚግጡት ላሞች ቀና ብለው አዩን። ቨርሊን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሰማኝና መጨረሻ ላይ መፍትሔ አገኘ።

«ከታች ሌላ ወንድ ይዤ አመጣልሻለሁ። ባስ ባስ ነው።»

«ሌላው ይበላቸዋል እንጂ ይጠብቃቸዋል? አባባ የሞተ ሰሞን ከመንገድ ያገኙትን ሰው አምጥተው ‘ይኸው አባትህ’ ቢሉህ ይሁን ትል ነበር?»

ያንኑ ዓሣ አጠምደዋለሁ ብሎ ባልዲውን አንጠልጥሎ ወረደ። መንጠቆና ባልዲ የቀመሰ ዓሣ በዚያው ቀን እንደማይነክስ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም ሂድ አልኩት፤ ፊቱን ማየት አስጠልቶኝ ነበር።

ጥላው ከላይ ካለው ገደል ወርዶ ጎጆው ያለበትን ኩሬ እስኪሸፍን ቆምኩ። ሆደ ቢጫዎቹን ከፊቴ ሳባርር ከኋላዬ ይመጣሉ፤ ሰው እንደ ዓሣ ሊዞር አይችልም። እግሬ ደነዘዘ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከእንቁላሉ ግማሹ እንኳ አልቀረም፤ በቀረው ላይ ስስ ቡናማ ደለል መተኛት ጀምሯል።

ቨርሊን እስከ ደረቱ ርሶ፣ ባዶ ባልዲና ከቤት ያመጣውን የዶሮ ቤት ሽቦ ይዞ ተመለሰ። ሽቦውን ጎጆው ላይ ዘርግተን ዙሪያውን በድንጋይ ጫንነው። ሆደ ቢጫዎቹ መጥተው ሽቦውን ነካኩና ሄዱ። ቨርሊን እጁን አራገፈ። ጨርሰናል ማለቱ ነበር።

«ግባ» አልኩት። «ደለሉን ማን ያራግፍላቸዋል? ተንበርከክና በእጅህ አራግብ። ቀስ ብለህ፤ ጠጠሩን እንዳትበትነው።»

ሊስቅ ፈለገ፤ አየኝና ተወው። ውሃው ውስጥ ተንበርክኮ መዳፉን ከሽቦው ጎን ያወዛውዝ ጀመር። ደለሉ ከእንቁላሎቹ ላይ ብን እያለ ተነሣ። እኔ ዳር ወጥቼ እግሬን በሁለት እጄ እያሸሁ ተቀመጥኩ። ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈለግኩም።

«እስከ መቼ ነው?» አለ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ።

«ጫጩቶቹ ተፈልፍለው፣ ጠቁረው፣ ከጠጠሩ ተነሥተው እስኪዋኙ።»

«ኔልዳ፣ ነገ እኮ እንግዶች አሉብኝ።»

«አምጣቸው» አልኩት። «እነሱም ያራግቡ።»