የጅራት ተኳሹ ጃኬት

«ተያት እሷን፣ አትነካኪያት» አለ ዴል በሹክሹክታ። «ሰውዬው እያየ ነው።»

«ይየኛ» አለች እህቱ ጆይስ።

ከአባቷ የሬሳ ሣጥን አጠገብ ከሰቀለቻት ቡናማ የቆዳ ጃኬት ላይ አቧራ በመዳፏ እየጠረገች ነበር። ቀብሩ ነገ ነው። ትናንት የመጡ ጎረቤቶች የድንችና የሥጋ ትሪያቸውን ለቤተ ክርስቲያኑ ኩሽና አስረክበው፣ ሟቹን ቬርነንን ተሰናብተው ሄደዋል። ዛሬ ግን ኪንኬድ የሚባል የድሮ ዕቃ ነጋዴ ከኦማሃ ከተማ መጥቶ፣ ቡናውን በእጁ ይዞ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይዞራል። ቬርነን ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰባቸውን በድሮው ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሠራተኞች የለበሷቸውን ጃኬቶች አንድ በአንድ ያገላብጣል። ሟቹን ገና አላየውም።

«ይቺ ትበልጣለች» አለ ጆይስ አጠገብ ሲደርስ። ጃኬቷ ጀርባ ላይ በቅሎ በኋላ እግሯ ቦምብ ስትረግጥ ተስላለች። «የአውሮፕላን ጅራት መትረየስ ተኳሽ ጃኬት ናት አይደል? ቀለሟ እንኳ አልለቀቀም። በሽያጩ ከወንድምሽ ጋር ተጨባብጠናል።»

«የእኛ አይደሉም። አባዬ ለእያንዳንዱ ባለቤት ‹በፈለግህ ቀን መጥተህ ውሰድ› ብሎታል።»

«በጽሑፍ?»

«በአፉ።»

«ሰዎቹ እኮ ከሞላ ጎደል አልቀዋል» አለ ዴል። «ለማን ልትመልሺ ነው? ለመቃብር?»

ጆይስ ጃኬቷን መጥረጓን ቀጠለች። የቬርነን አባት ላም ሲያልብ የሚለብሳት አንዲት የተቀዳደደች ጃኬት ነበረችው። ቬርነን የጦርነት ጃኬት መሆኗን ያወቀው አባቱ በተቀበረ ቀን ነው፤ ያውም ከማያውቀው እንግዳ አፍ። አባቱን መጠየቅ ስላልቻለ የሰው አባት መጠየቅ ጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጆይስን ፒክአፕ መኪናው ላይ ጭኖ የቀድሞ በራሪ ሽማግሌዎችን ቤት ያንኳኳ ነበር። ስለ ዋጋ አያነሳም። «አውሮፕላኑ ውስጥ የት ነበር የምትቀመጠው?» ብሎ ይጠይቅና ያዳምጣል።

ከነሱ አንዱ ኦርቪል ቲንደል መጀመሪያ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋው። ሁለተኛም ዘጋው። በሦስተኛው ባለ በቅሎዋን ጃኬት ደረቱ ላይ ወረወረለት፤ «ይዘሃት ጥፋ!» ከዚያ በኋላ ግን በየመከሩ ሊያያት ይመጣ ነበር። ቬርነን «አንዴ ብቻ ልበሳት» ይለዋል። ኦርቪል «አልለብሳትም» ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሲጨቃጨቁ ኖሩ።

የአዳራሹ በር ተከፈተ። ባለአራት እግር ምርኩዝ ቀድሞ ገባ፤ ከኋላው ኦርቪል።

«የታለ ያ ነዝናዛ?»

«እዚህ ነው፣ አጎቴ ኦርቪል።»

ሽማግሌው ሣጥኑ ጋ ደረሰ። «ያሸነፍከኝ እንዳይመስልህ» አለው ቬርነንን። ከዚያ ወደ ጆይስ ዞረ። «ጃኬቴን አውርጂያት፣ ልጄ።»

«ይቅርታ» አለ ኪንኬድ። «ቆዳው ደርቋል። ከተለበሰች ትከሻዋ ይተረተራል።»

«እኔም ደርቄያለሁ።»

«አጎቴ ኦርቪል» አለ ዴል ወለሉን እያየ፣ «እሷን እንኳ ሸጠናታል።»

ኦርቪል ጆይስን አያት። 

«አልሸጥንም» አለች ጆይስ። «አንዷንም አንሸጥም። ዴል፣ የጨበጥከው አንተ ነህ፤ አንተው ንገረው።»

ጃኬቷን ከመስቀያው አወረደችና አንዱን እጅጌ ያዘችለት። እጅጌው ትከሻው ጋ ሲደርስ ስፌቱ ጠረረረ ብሎ ለቀቀ። በአዳራሹ በሙሉ ተሰማ።

«ግማሽ ዋጋዋ ሄደ» አለ ኪንኬድ።

«ገና ሌላ እጅጌ አላት» አለች ጆይስ፤ ሁለተኛውንም አስገባችለት።

ኪንኬድ ቡናውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ወጣ። ዴል ሊከተለው ሄዶ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ጃኬቷ ኦርቪል ላይ ሰፍታለች። ሰውየው ውስጧ ጠፍቶ፣ አንገቱ ብቻ ብቅ ብሏል። ምርኩዙን ለቆ በሁለት እግሩ ሣጥኑ ፊት ቆመ።

«ይኸው» አለው ቬርነንን። «ደስ ይበልህ።»

 ጣቶቹ የዚፑን ሁለት ጫፍ ማገናኘት አቃታቸው። አንዴ ሞከረ። ደግሞ ሞከረ። ጆይስ ከፊቱ ተንበረከከችና ጫፎቹን አጋጠመቻቸው። እየተነሳች፣ ቀስ እያለች ወደ ላይ ሳበችው። ዚፑ አገጩ ስር ደርሶ ሲቆምም እጇን አላነሳችም።