የሸሪፉ ሚስት

አስካለ ባሏ ሰይፈሥላሴ ቅዳሜ ቅዳሜ ፌርፋክስ ጎዳና ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጦ ካውቦይ ፊልም የሚያየው ብቻውን እንዳልሆነ ከሰማች ወዲህ ቅዳሜ እስኪደርስ ቀን ትቆጥራለች። ባሏ የሞተባት ፀዲ በቅርብ ከአገር ቤት ስለመጣች እንግሊዝኛ አታውቅም፤ እሱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይተረጉምላታል አሉ። ለአስካለ በሠላሳ ዓመት ትዳር አንዲት ቃል ተርጉሞላት አያውቅም። እርግጥ ነው፣ ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ኖራ እንግሊዝኛውን ከእሱ አስበልጣ ለምዳዋለች። ቢሆንስ?

በዚህ ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደችና ከኋላቸው ተቀመጠች። ቴሌቪዥኑ ላይ የከተማው ሕግ አስከባሪ፣ ሸሪፉ፣ ሦስት ሽፍቶችን ሊገጥም መንገድ መሀል ቆሟል። አንዲት ሴት ጠመንጃ እያጎረሰች ታቀብለዋለች።

«ማናት እሷ?» አለች ፀዲ።

«እህቱ ናት» አለ ሰይፈሥላሴ። «ሰውየው ብቸኛ ነው፤ ምስኪን።»

አስካለ ብድግ አለች። «አንተ ሰው! ሚስቱ ናት! ‹ባሌን ብትነኩት!› ስትላቸው አልሰማህም? ነገ እኔንም አክስቴ ናት ልትል ነው?»

ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሰይፈሥላሴ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀው። ፀዲ ግን አልሳቀችም።

«ውይ እትዬ፣ ጋሼ ያለፉትንስ ፊልሞች እንዴት አድርገው ነግረውኝ ይሆን? በሞቴ እርስዎ ይተርጉሙልኝ።»

አስካለ ወንበር ስባ በሁለቱ መሀል ተቀመጠች። ሽፍቶቹ ወድቀው ሸሪፉ ሚስቱን እስኪያቅፍ ድረስ አንድም ነገር ሳታስቀር ተረጎመች። እቅፉ ላይ ስትደርስ ግን ሁለት ጊዜ ተናገረችው።