የንስሐ አባታችን አንድ ቃል

እናቴ ለሐኪም ጆሮ የላትም። ሳንባዋ ደካማ ነው፤ ኮሮና ገባ ሲባል ሐኪሟ "እማማ ደሪቱ፣ ከሰው ይራቁ" ብሎ ለምኗታል። እሷ ግን በጠዋት ነጠላዋን ተከናንባ ከገርጂ ቤታችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ትገሰግሳለች። ደጁን ትሳለማለች፣ መስቀል ትሳለማለች፣ ያገኘችውን ሁሉ አቅፋ ትስማለች። አልፈርድባትም፤ የአባቷ ማሳ ላይ ፎቅ ሲበቅል በቦታው የቀረላት ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ነው። ብለፈልፍ፣ ብለፈልፍ፣ "ሜቲ፣ አንቺ ደግሞ አበዛሽው" ትለኛለች። የምትሰማው አንድ ሰው ነው፤ የንስሐ አባታችንን አባ ተስፋማርያምን። ስገጂ ካሏት ጉልበቷ እያመማትም ትሰግዳለች።

እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

"አባቴ፣ ቤትሽ ሆነሽ ጸልዪ ይበሉልኝ። ከእርስዎ አንድ ቃል ይበቃታል" አልኳቸው።

"ልጄ፣ እኔ ሰውን ከቤተ እግዚአብሔር ላስቀር? ሃይማኖቱ ላላ አይሉኝም?" አሉ።

ይህን ሲሉኝ እኮ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ጥቅልል አድርገው ሸፍነዋል። ለራሳቸው ጨርቅ፣ ለእናቴ እምነት ብቻ። ደሜ ፈላ። ካህን ናቸው፣ ምን ልበል? መስቀላቸውን ሳልሳለም ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን እትዬ አስመረት በዚያው በሽታ ሞቱ። ከእናቴ ጋር አብረው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ እሳቸውም የአባ ተስፋማርያም የንስሐ ልጅ ነበሩ። ለቅሶ እንኳን በወጉ አልተቀመጥንላቸውም። እሑድ ጠዋት እናቴ ዓይኗ እንዳበጠ ነጠላዋን አነሳች። በሩ ላይ ቆምኩባት።

"ደግሞ ልታስሪኝ ነው?" አለች።

ስልኬን አውጥቼ ለአባ ደወልኩና እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

"አባቴ፣ እትዬ አስመረትን ቀብረናል። እናቴም ይኸው እየወጣች ነው፤ ትሰማዎታለች። አሁንም ዝም ካሉ፣ ነገ ፍትሐት ላድርስ ብለው ደጃችንን እንዳይረግጡ።"

እናቴ በድፍረቴ ደንግጣ አፏን ያዘች።

"ወለተ ማርያም" አሉ አባ፣ እናቴን በክርስትና ስሟ ጠርተው። "ቀኖና ሰጥቼሻለሁ። እኔ ውጪ እስክልሽ ድረስ ከቤት አትውጪ። ጸሎትሽን እዚያው አድርሺ።"

እናቴ አልተከራከረችም። ነጠላዋን አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። ይኸው ነው፣ አለቀ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይባስ ነደደኝ፤ ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ከዚያ እናቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። እንደኔ አልተቆጣችም።

"እሺ አባቴ። ለአስመረት ግን ለምን አልነገሯትም? እሷ እኮ ከኔ ይልቅ ትሰማዎት ነበር።"