የተገኘለት ማርክ

አሰልጣኝ ሃርላን ብራንት ሰው ቤት ፍርምባ ይዞ ከመጣ ነገር አለ ማለት ነው። በትንሿ ከተማቸው በፓሎ ሴኮ ይህን የማያውቅ የለም። ሥጋውን ሌሊቱን ሙሉ በጭስ ሲያበስል ያድርና በፎይል ጠቅልሎ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ በር ያንኳኳል። ዴልፊና ሳልዳኛ ገና በመስኮት ስታየው ደሟ ፈላ።

"የልጁን ትምህርት ሊያስጥለኝ ነው የመጣው" አለች ለባሏ ለሩበን።

"ምን ያስጥልሻል? እራት ነው ያመጣው" ብሎ በሩን ከፈተ። ሩበን ጎማ ቤት አለው። በልጅነቱ በብራንት ቡድን ሲጫወት ጉልበቱ ወልቆበታል፤ ይኸው ጎልምሶ፣ ከብዶ፣ ሰውየው ሲገባ ዛሬም ብድግ ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ማቲያስ ብራንት በሚያሰለጥነው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቡድን፣ ኳሱ በእጅ በሚያዝበት በነሱ ፉትቦል፣ ኳስ ወርዋሪውን በግራ በኩል የሚጠብቅ ግድግዳ የሚያክል ልጅ ነው። ወርዋሪው በግራ የሚመጣበትን አያይም፤ ማቲያስ ከሌለ ቡድን የለም። ይኸው ልጅ ለመጪው ዓመት የላቀውን ፊዚክስ እወስዳለሁ አለ፤ የኮሌጁን ያህል የሚከብደውን። ሕጉ ደግሞ በአንድ ትምህርት እንኳ ከሰባ በታች ያመጣ ተጫዋች ሜዳ እንዳይገባ ይከለክላል። አሰልጣኙን እንቅልፍ የነሳው ይሄ ነው።

"ልጁ ጎበዝ ነው፣ ማን ካደ" አለ ብራንት፣ ቁጭ እንዳለ። "ግን መደበኛውን ይውሰድ። ፊዚክስ የትም አይሄድም፤ የውድድር ዘመን ግን ይሄዳል።"

"ድልድይ መሥራት ነው የሚፈልገው" አለች ዴልፊና። "በመደበኛው ድልድይ ይሠራል?"

"ለልጁ አስቢለት እንጂ ዴልፊና።"

"እርስዎ ለቡድንዎ ያስቡ። ለልጄ እኔ አለሁለት። በአልጀብራ ሰማንያ ስምንት ያመጣ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰማንያ ወርዶ አያውቅም። ምን አነሰውና ነው ከነሰነፎቹ ጋር የሚቀመጠው?"

አሰልጣኙ ፍርምባውን ወደሷ ገፋ አደረገና ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ዴልፊናም አፉን አስያዝኩት ብላ ደስ አላት። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዳ ለላቀው ፊዚክስ ፈረመች። ሩበን ሁለት ቀን አኮረፈ።

"ከከተማው ሁሉ ጋር ልታጣዪን ነው" አላት በመጨረሻ።

"ይጣላ።"

መስከረም ሲገባ ማቲያስ ከልምምድ ተዳክሞ እየመጣ፣ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ መጽሐፉን ገልጦ ይደፋበት ጀመር። ያን የሚያክል ልጅ እርሳሱን እንደ ሚስማር ጨብጦ አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ ይጽፋል፣ ይሰርዛል። አስተማሪዋ ሚስ ዊትሎው ከሌላ ከተማ በቅርቡ የመጣች ናት፤ ጨዋታ አታይም፣ የማን ልጅ የት እንደሚሰለፍም አታውቅም።

"እማ፣ ይቅርብኝ እንዴ?" አላት ማቲያስ አንድ ቀን።

"ሁለተኛ እንዳትደግማት" አለችው። ምነው ምላሴን በቆረጠው ያለችው በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ውጤት ወጣ፤ ስልሳ ስድስት። ሕግ ሕግ ነው፣ ማቲያስ ለሦስት ሳምንት ከሜዳ ተባረረ። በዓርቡ ጨዋታ በሱ ቦታ የገባው ልጅ ዞር ብሎ ሳያይ አንድ ደንዳና ተጋጣሚ ከግራ መጥቶ ወርዋሪውን መሬት ላይ ደፋው። የወርዋሪው ትከሻ ወለቀ። ያውም ጎረቤታቸው ከተማ፣ ያቺ የሚንቋት፣ በሰፊ ነጥብ አሸንፋ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ዴልፊና የሰው ፊት እሳት ሆነባት። የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ ሰው መምጣቱ አይቀር። "ፊዚክሱ እንዴት ነው?" ይላታል አንዱ ሽማግሌ የደም ግፊት ክኒኑን እየተቀበለ። የወርዋሪው እናት ቦቢ ጂን ደግሞ የልጇን ማስታገሻ ልትወስድ መጥታ ሰው በተሰለፈበት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"የኔ ልጅ ትከሻው ወልቆ ተኝቷል። ያንቺው ስለ ምድር ስበት እያነበበ ነው አሉ።"

"የልጅሽን ትከሻ ያወለቀው የኔ ልጅ መሰለሽ? ሂጂና አሰልጣኙን ጠይቂ" አለቻት ዴልፊና፣ ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ ወርወር አድርጋ። ቤት ስትገባም ሩበን ደንበኞቹ ለጎማ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ መጀመራቸውን እየነገረ ጠበቃት። በዚያ ቤት እራት በሰላም መበላት ቀረ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ብራንት መጣ። ዛሬ ሥጋ አልያዘም፤ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው።

"አራት ማርክ ተገኘለት" አለ ሳይቀመጥ። "ርዕሰ መምህሩ ራሱ አይቶታል። ያልተቆጠረ የቤት ሥራ ነበረው፣ ሰባ ገባ። ዓርብ ይጫወታል፤ ፊዚክሱንም አይተውም። በይ እንግዲህ ዴልፊና፣ እንዳልሽው ሆነልሽ።"

ሩበን የሰውየውን እጅ ያዘና መልቀቅ አቃተው። ዴልፊናስ? ምን ይደበቃል፣ ልቧ ዘለለ። አሸነፍኩ አለች። ነገ ቦቢ ጂንን ምን እንደምትላት ሁሉ አሰበች። እግዜር ይስጥልኝ ለማለት አፏን ስትከፍት ማቲያስ ቀደማት።

"የትኛው የቤት ሥራ ነው?" አለ። "ሁሉም ተቆጥሯል። እኔው ራሴ ከሚስ ዊትሎው ጋር ደምሬዋለሁ።"

ብራንት ሳቀ። "አንተ ልጅ፣ አምና በአልጀብራ ስናገኝልህ የትኛው ብለህ ጠይቀሃል?"

አሰልጣኙም ያወጣውን ቃል መልሶ ሊውጠው ፈልጎ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ግን ወጥቷል።

"ምን አልክ?" አለች ዴልፊና።

"ያው... ለልጆቹ ሁሉ የሚደረግ ነው። ለጨዋታ ሲሄዱ ትምህርት ያመልጣቸዋል። አስተማሪዎቹም ያውቃሉ። ክፋት የለውም።"

"ሰማንያ ስምንቱ በእውነት ስንት ነበር?"

"ዴልፊና..."

"ስንት ነበር አልኩህ።"

"እኔ እንጃ። ሃምሳ ምናምን።"

ዴልፊና ወንበር ፈልጋ አልተቀመጠችም፤ ወንበሩን ገፍታ ወደሱ ሄደች እንጂ። "ሁለት ዓመት" አለች። "ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄን ባዶውን እያሳለፋችሁ ጎበዝ ነው አላችሁኝ። እኔ ሞኟ ያንን ማርክ ታቅፌ ከከተማው ጋር ተናከስኩ። ያንን ማርክ አምኜ ነው ገደሉ ውስጥ የከተትኩት። አንተ ደግሞ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ፣ ፊቴ ላይ፣ ሰማንያ ስምንት ስል ዝም አልክ። ዝም ብለህ ሥጋ ገፋህልኝ።"

"ልጁ እንዲጫወት ብዬ ነው" አለ ብራንት። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

"ቀስ በይ እንጂ" አለ ሩበን በለሆሳስ።

ዞረችበት። "አንተስ ታውቅ ነበር?"

ሩበን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ወለሉን አየ። "የሱን አላውቅም" አለ። "ግን በኛም ጊዜ እንደዚሁ ነበር። አንዱንም ክፍል በራሴ ያለፍኩ አይመስለኝም።"

ይህን በትዳራቸው ዘመን አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎላት አያውቅም።

ማቲያስ እስካሁን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። "እንግዲያው የኔ ስልሳ ስድስቱ ብቻ ነው" አለ።

"ሰባ ነው እኮ አሁን ልጄ" አለ ብራንት፣ መውጫ ያገኘ መስሎት።

"ስልሳ ስድስት ነው። ነገ ጠዋት ያስመልሱት፤ አለበለዚያ እኔው ሄጄ ለሚስ ዊትሎው እነግራታለሁ።"

"ዓርብ ሜዳ አትገባም ማለት እኮ ነው። ይገባሃል? የከተማው ሰው ሁሉ..."

"ገብቶኛል።"

አሰልጣኙ ሩበንን አየ። ሩበን በዚህች አንዲት ቀን ሊሸኘው ብድግ አላለም፤ በተቀመጠበት አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ብራንት በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

ዴልፊና ዕንባዋን እየታገለች ወደ ልጇ ሄደች። ልታቅፈው፣ ኮራሁብህ፣ የኔ ጀግና ልትለው ነበር። እሱ ግን ትልቁን መዳፉን ዘርግቶ አስቆማት። ዓይኑ ውስጥ ያለው ቁጣ ለአሰልጣኙ ብቻ አልነበረም።

"ጎበዝ ነህ እንዳትይኝ እማ" አለ። "ይቅርብኝ እንዴ ስልሽ አልሰማሽኝም። ክፍልፋይ መደመር እንኳ አልችልም፣ ታውቂያለሽ? ከአንደኛ ክፍል ሒሳብ ጀምሮ የሚያስተምረኝ ሰው ፈልጊልኝ።"