የጨርቁ ወዲያኛው ጫፍ

ሶፋ ሰሪዋን ሰው ሁሉ እትዬ ሚስማር ነው የሚላቸው። ስሙ በኃይለኛነታቸው የወጣላቸው ነው የሚል አለ፤ እሱም ቢሆን ሐሰት አይደለም። ዋናው ምክንያት ግን ሲሠሩ አፋቸውን በሚስማር ስለሚሞሉ ነው። ትንንሾቹን የሶፋ ሚስማሮች ሃያም ሠላሳም አድርገው ይጎርሳሉ። አንዷን በምላሳቸው ወደ ከንፈራቸው ያመጣሉ፣ ከከንፈር ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ እንጨት፣ ከዚያ በመዶሻ አንዴ ጠቅ። አንዷን ሚስማር ሁለቴ የመታ ሰው እሳቸው ዘንድ ሶፋ ሰሪ አይባልም።

ሚስማር የጎረሰ ሰው ደግሞ አያወራም። ስለዚህ ከባለቤታቸው ጋር ሠላሳ አራት ዓመት የሠሩት በማጉረምረም ነው። ባለቤታቸውን ‹‹ሰውዬው›› ነበር የሚሉት፤ እኛም እንደ እሳቸው ሰውዬው እንበለው። ሰውዬው የጨርቁን ወዲያኛውን ጫፍ ይዞ ይወጥራል፤ እሳቸው ወዲህኛውን ይመታሉ። ‹‹እም›› ካሉ ጎትት ነው። ‹‹እም፣ እም›› ካሉ ልቀቅ ነው። ረጅም ‹‹እምምም›› ከመጣ ግን ሰውዬው የሆነ ነገር አበላሽቷል ማለት ነው፤ ይሄኛውን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ ስለነበር በዚህ ድምፅ ነው ያደገችው። ዛሬ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት፤ ነገርን ሁሉ በግራም የምትለካ ዓይነት።

ሰውዬው ከሞተ አሥራ አንድ ወር ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ደረቴን አመመኝ አለ፣ በማግስቱ አልነበረም። እትዬ ሚስማር አለቀሱ፣ ከዚያ ሱቁን ከፈቱ። የጨርቁን ወዲያኛውን ጫፍ እንዲይዝላቸው የብረት መቆንጠጫ አሠሩ። መቆንጠጫ ይይዛል እንጂ አይወጥርም፤ መቼ ጠበቅ፣ መቼ ላላ ማለት እንዳለበት አያውቅም። በቅርቡ ደግሞ ደንበኛቸው የሆነ አንድ የጥርስ ሐኪም የእንግዳ ማረፊያ ክፍሉን ሶፋ መልሶ ላከባቸው። ‹‹እትዬ፣ ጨርቁ ተጨማደደ፣ ሰው ሲነሣ አብሮት ይነሣል›› አለ፤ እያፈረ ነው ያለው። በዕድሜያቸው ሙሉ ሥራ ተመልሶባቸው አያውቅም። የዚያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ያቺኑ የለመደችውን አመጣች። ‹‹እማዬ፣ ይሄ ሥራ የሁለት ሰው ነው። አንቺ ደግሞ አንድ ነሽ። ሱቁን ዝጊና እኔ ጋ ነይ፤ ክፍሉም ተዘጋጅቷል።››

‹‹ክፍሉ ለእኔ ነው ወይስ ለሬሳዬ?›› አሏት።

ነገሩ በዚህ መሐል ሳለ ነው ውሻው የመጣው።

ሰውዬው በየወሩ መጨረሻ የተራረፈ ስፖንጅና ቁርጥራጭ ጨርቅ በጆንያ እየጠቀጠቀ ለውሾች መጠለያ ይወስድ ነበር፤ ውሾቹ ይተኙበታል። እሱ ካለፈ ወዲህ ጆንያው ከሱቁ በስተኋላ ተቆልሎ ጣሪያ ሊነካ ደረሰ። አንድ ቅዳሜ እትዬ ሚስማር ማለፊያ አጡና ‹‹አሁንስ በዛ›› ብለው መኪና ተከራዩ፤ ጆንያውን ሁሉ ጭነው መጠለያው ደጃፍ አራገፉ። የመጨረሻውን ጆንያ ግን ማስረከብ አልቻሉም። የአንድ ጆሮው ጫፍ የተቆረጠ ቡኒ ውሻ መጥቶ የጆንያውን አፍ ሙጭጭ አድርጎ ያዘ።

‹‹ልቀቅ!›› አለችው የመጠለያው ኃላፊ፣ አንዲት ቀጭን ሴት። ውሻው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ‹‹ልቀቅ ብዬሃለሁ! ይቅርታ እትዬ፣ ይሄ መንጋጋ የምንለው ነው። ጨርቅ ከያዘ በቃ አይለቅም። ሦስት ቤት ወሰደው፣ ሦስቱም መለሱት። አንዱ ቤት መጋረጃ ከነብረቱ አወረደ። አንዱ ቤት አንሶላ ከነተኛው ሰውዬ ጎተተ።››

‹‹ሦስተኛውስ?››

‹‹የሙሽራ ቀሚስ›› አለች ኃላፊዋ አንገቷን ደፍታ።

እትዬ ሚስማር ጆንያውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ውሻው አራት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ሳበ። ጠበቅ ሲያደርጉ ጠበቅ አደረገ፣ ላላ ሲያደርጉ ላላ አደረገ፤ አልነጠቀም፣ አልቀደደም። በዕድሜያቸው ብዙ የሚጎትት ሰው አይተዋል፤ አብዛኛው ይነጥቃል። ይሄኛው ልኩን ያውቃል።

‹‹እወስደዋለሁ›› አሉ።

ኃላፊዋ ደስታና ጭንቀት ተደባለቀባት። ‹‹እትዬ፣ አሥራ አምስት ቀን የሙከራ ነው። በመጨረሻው ቀን መጥቼ አየዋለሁ። ከዚህ በኋላ ግን አንድ ሰው ላይ እንኳ ጨርቅ ይዞ አልለቅም ካለ መልሼ መውሰዴ ነው። አራተኛ ከተመለሰ ደግሞ ለማንም አንሰጠውም፤ እዚያ ኋላ ካለው አጥር ውስጥ ዕድሜ ልኩን መቅረቱ ነው።››

‹‹ማን ይመልሰዋል ብለሽ ነው የኔ ልጅ›› አሉና ጆንያውን ወደ መኪናው ጎተቱ። ውሻው ሳይለቅ አብሮ ገባ።

ልጅቷ እሑድ መጥታ ውሻውን ስታይ መጀመሪያ ሳቀች፤ ውሻው የካፖርቷን ኪስ ገንጥሎ ይዞት ሲሄድ ግን ሳቁ ጠፋ። ‹‹እማዬ፣ ባል ለሞተባት ሴት ድመት አይበቃም?›› አለች። ከዚያ ኮስተር ብላ ቁርጡን ተናገረች። ‹‹እንዋዋል። ይሄ ውሻ ካልተመለሰ ስለ ሱቁ አንድ ቃል አልተነፍስም። ከተመለሰ ግን አንቺም ሱቅሽን ዘግተሽ እኔ ጋ ትመጫለሽ።››

‹‹ተዋውለናል›› አሉ እትዬ ሚስማር፣ ቅንጣት ሳያመነቱ። ልጅቷ እሺ ይላሉ ብላ አልጠበቀችም ነበር።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለፉከራ የሚሆኑ አልነበሩም። መንጋጋ የእጅ ፎጣ ወሰደ፣ የመኝታ ቤቱን ምንጣፍ እስከ ኮሪደሩ አመጣ። በአራተኛው ቀን ደግሞ የሰውዬውን የቆዳ ሽርጥ ከተሰቀለበት አውርዶ ተኛበት። ሽርጡን ከአሥራ አንድ ወር ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም። እትዬ ሚስማር ደማቸው ፈላ። ‹‹ውጣ! አሁኑኑ ውጣ ከዚህ!›› ብለው መዶሻቸውን እንደያዙ ጮኹበት። ውሻው ጆሮውን ጥሎ ወደ ጥግ ሄደ። እሳቸው ሽርጡን አንሥተው ሊሰቅሉ ሲሉ የሰውዬው ሽታ አፍንጫቸው ገባ፤ የሙጫና የሳሙና ሽታ። ናፈቃቸው። እንዲህ ናፍቋቸው እንደነበር እሳቸውም አላወቁም ነበር። ሽርጡን ታቅፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉና ወዲያ ወዲህ ሳይሉ አለቀሱ። ውሻው ቀስ ብሎ መጣና የሽርጡን ማሰሪያ ጫፍ ያዘ። አልጎተተም።

በማግስቱ ወደ ሥራ ተመለሱ። የአንድ ወንበር መቀመጫ እየለበጡ ነበር፤ አፋቸው ሞልቷል፣ ልባቸው ሌላ ጋ ነው። መቆንጠጫውን ማጥበቅ ረስተዋል። እጃቸው ሥራውን ያውቃልና በሐሳብ እንደሄዱ፣ ልክ ሰውዬው ወዲያ ማዶ እንዳለ ሁሉ፣ ‹‹እም›› አሉ።

ጨርቁ ተወጠረ።

ሚስማሩ ከከንፈራቸው ሳይወጣ ቆመ። ለትንሽ ጊዜ ቀና ለማለት ፈሩ። ቀና ሲሉ መንጋጋ ነው፤ የሰውዬውን ቦታ ይዞ፣ የጨርቁን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ ያያቸዋል። እትዬ ሚስማር ሚስማሩን አስቀመጡና መቱ። አንዴ ብቻ። መስመሩን በመዳፋቸው ሲዳብሱት ከበሮ መስሏል።

ማስለቀቁ ነበር ችግሩ። ‹‹እም፣ እም›› ሲሉት ይባስ ይጎትታል። ሦስት ቀን አስለፋቸው፤ በሦስተኛው ቀን ዘዴው ተገለጠላቸው። ‹‹እም፣ እም›› እያሉ የራሳቸውን ጫፍ አላሉለት። ጨርቁ ሲላላ ጨዋታው ያልቅበታል፤ አፉን ይከፍታል። ከዚያ በኋላ ሳያላሉለትም ይለቅ ጀመር። ከአሮጌ ጂንስ ሱሪ የቆረጡትን ወፍራም ጨርቅ ደግሞ በሶፋው ጨርቅ ጠርዝ ላይ ሰፉለት፤ እሱን ነው የሚነክሰው፣ ሥራው ሲያልቅ ተቆርጦ ይጣላል። የጥርስ ምልክት ያለበት ሶፋ ከዚያ ሱቅ ወጥቶ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ለልጃቸው አልነገሩም። ከውሻ ጋር እንደ ባሏ ታጉረመርማለች ይባላል ብለው አፈሩ። ስትደውል ‹‹ውሻው እንዴት ነው?›› ትላለች፤ ‹‹ሥራ ይዟል›› ይሏታል። እሷ ቀልድ ይመስላታል።

አሥራ አምስተኛው ቀን ደረሰ። ኃላፊዋ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ ብላ ነበር፤ መንገድ ቀናትና በጠዋት መጣች። ልጅቷም ለወሬው ጓጉታ ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች፤ ለዕቃ መሸከፊያ ሦስት ባዶ ካርቶን በብብቷ ይዛለች። ሁለቱ በር ላይ ተገናኙና አብረው ገቡ። እትዬ ሚስማር አላዩአቸውም። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ተንበርክከው፣ ራሳቸውን የጥርስ ሐኪሙ ሶፋ ሥር ቀብረዋል፤ ሬዲዮውም እንደ ጉድ ይጮኻል። ከሶፋው ወዲያ ማዶ መንጋጋ ቀጣዩን ትእዛዝ እየጠበቀ ተቀምጧል።

‹‹መንጋጋ! እንዴት ነህ አንተ?›› ብላ ኃላፊዋ ጎንበስ አለች። ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችው ሻርፕ ተንሸራተተና ጫፉ ውሻው አፍንጫ ሥር፣ ከጂንሱ ቁራጭ ላይ አረፈ።

‹‹እም›› አሉ እትዬ ሚስማር ከሶፋው ሥር።

መንጋጋ ከፊቱ ያገኘውን ጨርቅ ያዘና በሙሉ ልቡ ጎተተ።

ኃላፊዋ ሻርፗን ለማዳን በሁለት እጇ ያዘች፣ ፋይሏ ወደቀ፣ ወረቀቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ‹‹ልቀቅ! ልቀቅ መንጋጋ!›› አለች። ውሻው ጥያቄው ምን እንደሆነ የገባው አይመስልም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ልጅቷም ‹‹ልቀቅ! ልቀቅ!›› እያለች ጮኸች፤ ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። ‹‹እማዬ! ይኸው! አላልኩሽም?››

እትዬ ሚስማር ቀና ሲሉ ሁሉን ባንዴ አዩት። ሻርፑን፣ የተበተነውን ወረቀት፣ ልጃቸው ብብት ውስጥ ያሉትን ካርቶኖች። መጮኽ ፈለጉ፤ አፋቸው ውስጥ ሃያ ሚስማር አለ። ልትፋው ቢሉ ውሻው እግር ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ በአፍንጫቸው ረጅም ትንፋሽ ወሰዱና፣ ከወትሮው ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ ሠላሳ አራት ዓመት እንዳሉት አሉ።

‹‹እም፣ እም።››

መንጋጋ አፉን ከፈተ። ሻርፑ አንድ ክር ሳይመዘዝ ወለሉ ላይ ወደቀ። ውሻው በቂጡ ቁጭ ብሎ እሳቸውን ያይ ጀመር።

ካርቶኖቹ ከልጅቷ ብብት አንድ በአንድ ተንሸራተቱ። ይህን ድምፅ ከሰማች አሥራ አንድ ወር ሆኗታል። ዳግመኛ የምትሰማው አልመሰላትም ነበር። እንደ ልጅነቷ ከጠረጴዛው ሥር ቁጭ ያለች፣ አባቷም ከወዲያኛው ጫፍ ጉሮሮውን ሊጠርግ የተዘጋጀ መሰላት።

ኃላፊዋ ወረቀቷን ለቃቅማ ቅጿን አገኘች። ሻርፗን አገላብጣ አየችው፣ ውሻውን አየችው፣ ማመን አቃታት። ቅጹ ላይ ‹‹ያሠለጠነው ሰው›› የሚል መስመር አለና እስክሪብቶዋን ደቀነች። ‹‹እትዬ፣ ይሄንን ማነው ያስተማረው?››

እትዬ ሚስማር አፋቸው ሙሉ ነው። እጃቸውን ወደ ከንፈራቸው አነሡ። ልጅቷ ቀደመቻቸው።

‹‹አባቴ ነው›› አለች።

ኃላፊዋ እውነት ይሆን ለማለት ወደ እናትየው አየች። እናትየው ራሳቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። ጻፈችው፤ ከዚያም ከታች ያለውን መስመር፣ ‹‹ጸድቋል›› የሚለውን፣ ፈረመችበት።

እትዬ ሚስማር ዓይናቸው ሞልቷል። የተጀመረ ሥራ ግን ግማሹ ተመትቶ ግማሹ ተንጠልጥሎ አይተውም። በአገጫቸው ወዲያኛውን ጥግ ለልጃቸው አሳዩአት። ልጅቷ ቦርሳዋን ካርቶኖቹ ላይ ወርውራ ከውሻው ጎን ተንበረከከች፤ የጨርቁን ጥግ በሁለት እጇ ያዘች። ውሻው ትንሽ ፈቀቅ አለላት።

‹‹እም።››

ሁለቱም ጎተቱ። ልጅቷ አብዝታ ስለጎተተች ጨርቁ ወደ እሷ ተጣመመ።

ከሶፋው ወዲህ ማዶ ረጅሙ ‹‹እምምም›› መጣ። ልጅቷ እያለቀሰች በሳቅ ፈነዳች። መንጋጋ ግን ዞሮም አላያት፤ ሥራ ላይ ነበር።