ጓንት ያጠለቁት ሽቦዎች

ዝናቡ አሥራ አንድ ሳምንት ሳያባራ ዘነበ። የማተሚያ ቤቱ ጣሪያ በሦስት ቦታ አፈሰሰ። ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ አበጠ፤ ማሽን ውስጥ ሲገባ ይሸበሸባል። መንገዱ ስለተቆረጠ አዲስ ወረቀት አልመጣም። ከሃያ ስድስት ሠራተኞች አሥራ አራቱ ተሰናበቱ። የቀረነው ቀጥሎ የሚጠራው ማን እንደሆነ እየተያየን እንሠራለን። ሚስቴ ሦስተኛውን ልጃችንን የወለደችው በዚያ ክረምት ነው።

የምሠራው እርማት ክፍል ነበር። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ፊደል ለቃሚ ሆኜ ገብቼ፣ እንግሊዝኛን ያስተማሩኝ የክፍሉ አንጋፋ ናቸው። ጋሽ መቀስ እንላቸው ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ካጠራጠራቸው በሌላ ወረቀት ገልብጠው በመቀስ ይቆራርጡታል። ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛ ላይ ይደረድሩና ገላጯን ሐረግ በጣታቸው ተጭነው፣ "አንቺ የማን ነሽ?" ይሏታል።

"የእኛ ግስ ባለቤቱን አዝሎ ይዞራል" ይሉኝ ነበር። "የእንግሊዝኛ ገላጭ ግን አጠገቡ ያገኘውን ሁሉ አባባ ይላል። ካራቅኸው የጎረቤት ልጅ ሆኖ ይቀራል።"

አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ ሥራ መጣ። እንግሊዝኛው እንደተጻፈው ከሆነ፣ ነርሷ ሽሮፑን ጠርሙስ ውስጥ ላለው ሕፃን ሰጠችው።

"አየኸው?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ሕፃኑን ነዋ! ማነው ጠርሙስ ውስጥ የከተተው?"

እኔ ሳቅሁ። እርሳቸው አልሳቁም። "ጠርሙስ ውስጥ ያለው" የምትለዋን ቁራጭ አንስተው ሽሮፑ አጠገብ አስቀመጧት። ሕፃኑ ወጣ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ "ወደ ቢሮ እየሄደ ዝናቡ ጀመረ" የሚል መጣ። ቁርጥራጮቹን ወዲያ ወዲህ ባደርግ አልቃና አለኝ።

"ዝናቡ ቢሮ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ሊፈርም?" አሉኝ። "እዚህ ላይ ማዛወር አይበቃም። የሚሄደው ሰውዬ ጭራሽ የለም። ፈልገህ አስገባው።"

የቤቱ ሕግ እንዲህ ነበር፦ እያንዳንዱ ገጽ ግርጌው ላይ ሁለት ምልክት ከሌለው ማሽን ውስጥ አይገባም። ስህተት ቢገኝ የሚጠየቁት አንደኛው አንባቢ፣ ጋሽ መቀስ፣ ናቸው። የእርሳቸው ምልክት መሐሉ ላይ መስመር ያለበት ክብ ነው። የእኔ ሦስት ማዕዘን።

በአሥረኛው ሳምንት የአንድ ፋብሪካ የጥንቃቄ መጽሐፍ መጣ። ሠላሳ ሁለት ገጽ፣ ለሦስት ቀን። በሁለተኛው ቀን ጋሽ መቀስን ትኩሳት ጣላቸው። መልእክት የላኩት ለእኔ ብቻ ነው፤ በዚያ ክረምት የታመመ ሰው ይሰናበት ነበርና። "ወጣ ብለዋል፣ ይመጣሉ" እያልኩ ደበቅሁላቸው።

በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆመ። "አልደረሰም?"

"ደርሷል" አልኩ።

የራሴን ድርሻ በሩጫ አንብቤአለሁ። የቀረው የእርሳቸው ምልክት ነው። ክብ፣ መስመር። ክብ፣ መስመር። ሠላሳ ሁለት ጊዜ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነው።

በሳምንቱ፣ ጋሽ መቀስ ድነው ከተመለሱ በኋላ፣ መጽሐፉ በሙሉ ተመለሰ። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ፣ ሠራተኛው የጎማ ጓንት አጥልቆ ሽቦዎቹን ይያዝ መባል ሲገባው፣ ጓንቱን ያጠለቁት ሽቦዎቹ ሆነዋል። የፋብሪካው ሰው እየሳቀ ጀምሮ ሳይስቅ ጨረሰ። "የሚሳቅበትን የጥንቃቄ መጽሐፍ ማንም አያነበውም" አለ። የመጨረሻው ደረቅ ወረቀታችን ያለቀው በዚያ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም ጠራን። ገጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"ይሄ ምልክት የእርስዎ ነው?"

ጋሽ መቀስ ክቡን አዩት። መስመሩን አዩት። እኔን አላዩኝም።

"የእኔ ነው" አሉ።

የዚያኑ ቀን ተሰናበቱ። በሩ ድረስ ተከተልኳቸው።

"ጋሼ፣ ተመልሼ ልናገር።"

"አርፈህ ተቀመጥ። ሦስት ልጅ አለህ፤ አንዷ ገና አራስ ቤት ናት። እኔ ያለችኝ አንዲት ናት፤ እሷም ደርሳለች።" ኮሌታቸውን ወደ ላይ ሳቡ። "ግን ዕዳ አለብህ። ልጆችህ ራሳቸውን ሲችሉ ሄደህ ለልጄ ትነግራታለህ። አባቷ ሳያነብ ፈርሞ አያውቅም። እኔ ብነግራት ማመካኛ ይመስላታል።"

"እነግራታለሁ" አልኩ።

በአራተኛው ዓመት ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ልጅቱን አየኋት። ልጆቼ ገና ትንንሽ ነበሩና ዝም አልኩ። ከዚያ ልጆቼ አደጉ። እኔም ጡረታ ወጣሁ። ያኔም ዝም አልኩ። የእንግሊዝኛ መምህርት እንደሆነች፣ የት እንደምታስተምርም አውቃለሁ። በዚያ መንገድ ማለፍ ትቻለሁ።

ትንሿ ልጄ ሥራ በያዘች ሳምንት አንድ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። በጠራራ ፀሐይ የዘይት ጣሳ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ፣ ከጀርባዬ እንደ መቀስ ቀጭ አለ። ዞር አልኩ፤ ማንም የለም። ከዚያ ወዲህ የተዛባ ዓረፍተ ነገር ባጋጠመኝ ቁጥር ቀጭ ይላል። የተቃና ሲሆን ዝም።

"ሰማሽ?" እላለሁ ሚስቴን።

"ጆሮህን ታጠብ" ትለኛለች።

አንድ ጠዋት የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ ጠረጴዛው ጋ ሄድኩ። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ማብራሪያ ተዘርግቷል። አንድ ዓረፍተ ነገር ለአራት ተቆርጧል። ሦስተኛው ቁራጭ ከቦታው ተነስቶ ወደ ፊት መጥቷል። አነበብኩት። ልክ ነው፤ መሆን ያለበት እንደዚያው ነው።

በቤታችን መቀስ የለም። ሚስቴ ክር እንኳ የምትቆርጠው በምላጭ ነው።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ እንግሊዝኛ መቼ አውቄ ነው የምከታትፈው?" አለች። ቁርጥራጮቹን አየቻቸው። ቀልዷ ከፊቷ ጠፋ። "የሰው ነገር አለብህ እንዴ?"

"አለብኝ።"

"እንግዲያው ጫማህን አድርግ።"

ትምህርት ቤቱ ስደርስ ክፍለ ጊዜ ነበር። በተከፈተው መስኮት አጠገብ ቆምኩ። ሰሌዳው ላይ የገጽ አሥራ ዘጠኙ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፤ ያው ሽቦ፣ ያው ጓንት።

"ቲቸር፣ ጓንቱ ለሽቦው ልኩ ነው?" አለ አንዱ። ክፍሉ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። አባቷን ትመስላለች። "ይህን ያሳለፈው አባቴ ነው" አለች። "አራሚ ነበር። ሳያነብ ፈረመና ከሥራው ተባረረ። እናንተ ሳታነቡ አትፈርሙ።"

ግድግዳውን ይዤ ቆየሁ። የዕረፍት ደወል ተደውሎ ተማሪዎቹ ሲወጡ ገባሁ።

"ጋሼ!" አለች። "የአባባ ባልደረባ አይደሉ? ይቀመጡ እንጂ።"

"ቆሜ ልናገር፣ ልጄ።"

ነገርኳት። ትኩሳቱን፣ ሠላሳ ሁለቱን ክብ፣ በሩ ላይ የተባባልነውን። ስጨርስ በእጇ የነበረው ጠመኔ ለሁለት ተሰብሯል።

"ይህን ዓረፍተ ነገር ሃያ አንድ ዓመት አስተማርኩት" አለች ቀስ ብላ። "አልጋው ላይ ሆኖ፣ 'አባባ፣ ምናለ ብታነበው?' አልኩት። ግድግዳውን ያይ ነበር። አኩርፌው ነው የሞተው። እሱን ይመልሱልኛል?"

"አልችልም።"

"ልጆችዎ መቼ ራሳቸውን ቻሉ?"

"ሁለቱ ቆይተዋል። ትንሿም ዓመት አለፋት።"

ውጭ ልጆች ይንጫጫሉ። ከዚያ በሩን ከፈተችው። "የሚችሉትን ያድርጉ እንግዲህ" አለች። "ተማሪዎቹ ሊገቡ ነው። የሰሙትን እርስዎ ያርሙላቸው።"

ገቡ፤ አርባ ይሆናሉ። እሷ ሄዳ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰሌዳው ፊት ቆሜ እንዳለ ነገርኳቸው። መጽሐፉን በሩጫ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ ምልክቱንም ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ መምህራችሁ የተነገራት ውሸት ነው አልኩ።

ያ ቀልደኛው ልጅ እጁን አወጣ። "ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አሉ?"

"መጀመሪያ ለልጆቼ ብዬ። በኋላ ፈርቼ።"

ማንም አልሳቀም።

"ስሙን አልነገሯቸውም" አለች ከኋላ። "አባቴን በስሙ ይጥሩልኝ።"

ማተሚያ ቤት ውስጥ በቅጽል ስም ስጠራቸው ኖሬአለሁ። ኮቴን ቆለፍኩ። ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ጠራሁ።